የተኽለ ጋቢ

የሚያውቁኝ ሰዎች ወሬዬን ሲሰሙ ግማሹን ጥለው ግማሹን ይወስዳሉ። አልፈርድባቸውም። አንድ ጊዜ ከአስመራ እስከ ምጽዋ ያለውን ቁልቁለት ፍሬን በሌላት ማኪና ወረድኩት ብዬ አውርቻለሁ። እውነቱን ለመናገር ፍሬን ነበራት፤ ማኪናዋም ቆማ ነበር። የዛሬውን ግን አትቀንሱብኝ። እኔ ራሴ ልጨምርበት ብዬ ስንት ጊዜ ሞክሬ ቦታ አጥቼበታለሁ።

የተወለድኩት ከአስመራ ወጣ ብላ ባለችው በዓዲ ኣበይቶ ነው። ስሜ ፍስሃየ ነው። አባቴን አላውቀውም፤ እናቴ ብቻዋን አሳደገችኝ። አሥራ ስድስት ዓመት ሲሆነኝ፣ አንድ ጠዋት እህል አስፈጭቼ እንድመጣ ወፍጮ ቤት ላከችኝ። በዚያን ጊዜ የሰፈራችን ልጆች አንድ በአንድ ለትግል ወደ በረሃ ይወጡ ነበር። እኔ ደግሞ ጥይት ከተተኮሰ ከጥይቱ ቀድሜ የምደርስ ሰው ነኝ፤ በተቃራኒው አቅጣጫ። ከረጢቱን ወረፋ አስይዤ፣ ወደ ደቡብ የምትሄድ የጭነት ማኪና ላይ ተሰቀልኩ። ናዝሬት እስክደርስ ዞር ብዬ አላየሁም። እዚያ ጋራዥ ውስጥ ማኪና ቀለም እየቀባሁ አሥራ አራት ዓመት ኖርኩ። አማርኛውን ትምህርት ቤት ጀምሬው እዚያ ጨረስኩት፤ ቀልዱንም ጭምር።

ለእናቴ አንድ ደብዳቤ አልጻፍኩም። በመጀመሪያው ዓመት አፍሬ አልጻፍኩም። በሁለተኛው ዓመት በመጀመሪያው ባለመጻፌ አፈርኩ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ራሳችሁ ቀጥሉት። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ሙቀት ውስጥ የአስመራ ጉም ይናፍቀኝ ነበር። ከጉሙም ይበልጥ፣ ከደጅ ስገባ «ወደይ መጺእካ?» የሚለው ድምፅ፤ «ልጄ መጣህ?» ማለት ነው። ጋራዡን ሙሉ ቀን አስቄው እውልና፣ ቤቴ ስገባ የሚጠብቀኝ የቀለም ቆርቆሮ ነበር።

ነጻነት በመጣበት ዓመት፣ ሐምሌ ላይ፣ የሐዋርያት ጾም በተፈታ ሳምንት ተነሣሁ። መንገዱ ተበላሽቶ ነበርና ስሳፈር ስወርድ፣ ስሳፈር ስወርድ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ጢሜና ጠጉሬ አድጎ ተገናኘ። በመንገድ ላይ ለእናቴ የምናገረውን አጠናሁ። ከማልቀሷ በፊት እንዳስቃት መጀመሪያው ላይ ቀልድ አስገባሁበት። ወፍጮ ቤት ወረፋ በዝቶብኝ ነው የቆየሁት የሚል፣ ጥሩ ቀልድ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ዓዲ ኣበይቶ ደረስኩ። ቤታችን ተዘግቷል። ጎረቤታችን የነበሩ ሽማግሌ ወጥተው ቢያዩኝ አላወቁኝም። ማንነቴን ስነግራቸው ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ያን ጊዜ ገባኝ። እናቴ ከሞተች ሦስተኛ ክረምቷ ነበር። ሽማግሌው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የጠየቅኳቸውን ብቻ መለሱልኝ። ስለ እኔ ምን ትል ነበር አልኳቸው። መሬት መሬት እያዩ፣ ሰው ልጅሽ የት ገባ ሲላት፣ ወፍጮ ቤት ወረፋ በዝቶበት ነው፣ ይመጣል ትል ነበር አሉኝ። እስከ መጨረሻው።

ያጠናሁት ቀልድ ከኔ በፊት በእናቴ አፍ አልቆ ነበር።

የተቀበረችበት ቤተ ክርስቲያን ድረስ ሄድኩ። ከበሩ አላለፍኩም። አጥሩን ተሳልሜ ተመለስኩ። በዚያው ቀን ወደ ናዝሬት ልመለስ ቆረጥኩ፤ የምቆይበት ምን ነገር አለ? በእግሬ ወደ ከተማው ሳዘግም የጫማዬ ሶል ተገንጥሎ ቀረ። ታጋዮችን የጫነች ማኪና ደርሳ አሳፈረችኝ። ከመካከላቸው አንዱ ባዶ እግሬን አይቶ ትርፍ የላስቲክ ሰንደሉን ሰጠኝ፤ ዝናቡ ሲጀምር ደግሞ አንገቱ ላይ የጠመጠመውን ጨርቅ አከለልኝ። ማኪናዋ የምትሄደው ጥራቮሎ ወደሚባለው የአስመራ ሰፈር ስለነበርና ወደ ደቡብ መውጫው ለእኔም ስለሚቀርበኝ እዚያው ወረድኩ።

እንግዲህ እዩኝ። ጠጉሬ ጎፈሬ፣ እግሬ ላይ የታጋይ ሰንደል፣ አንገቴ ላይ የታጋይ ጨርቅ፣ የወረድኩት ከታጋይ ማኪና። በዚያ ክረምት ደግሞ የአስመራ እናቶች ፈንዲሻ በሰፌድ ይዘው ደጅ ነበር የሚውሉት። ከበረሃ የመጣ ሰው ሲያልፍ የማንም ልጅ ይሁን በእልልታ ይበትኑበታል፤ ከዚያ የልጃቸውን ፎቶ አውጥተው አይተኸዋል ወይ ይሉታል። ፈንዲሻው ራሴ ላይ ወረደ። እኔ አይደለሁም ለማለት አፌን ብከፍት አፌ ውስጥ ገባ።

አንዲት አሮጊት ፎቶ አልያዙም። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ ብርሃንና ጥላ እንጂ መልክ አይለዩም። አደይ አብረኸት ይባላሉ፤ «አደይ» በእኛ አገር እናቴ ማለት ነው። ድምፄን ሰምተው በሁለት እጃቸው ፊቴን ያዙ። ግንባሬን፣ አፍንጫዬን፣ ጆሮዬን ዳሰሱ።

«ተኽለ ዲኻ፣ ወደይ?» አሉኝ።

ተኽለ ነህ ወይ ልጄ ማለታቸው ነው። መልሱ አንድ ቃል ነበር፤ ያውም ቀላል። ግን ወደይ የሚለውን ከሰማሁ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር፤ ዳግመኛ የሚለኝ እንደሌለ ደግሞ የሰማሁት በዚያው ጠዋት ነው።

«እወ» አልኩ። አዎ።

በሕይወቴ ከተናገርኳቸው ውሸቶች ሁሉ አጭሩ ያ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እኔም በደንብ አላየሁትም፤ ተሸክመውኝ ነበር። ሰፈሩ እልል አለ። በግ ታረደ። አደይ አብረኸት ሣጥናቸውን ከፍተው ነጭ ጋቢ አወጡ። ተኽለ በረሃ ከወጣ ጀምሮ ጥጡን በእጃቸው ፈትለው ያስሠሩት ነው፤ የመጣ ቀን ሊያለብሱት። በየዓመቱ ለፋሲካ እያወጡ አናፍሰውታል። በትከሻዬ ላይ ጣሉልኝና ጫፉን ሳቡት፤ ልክ ነው አሉ። ጋቢ ለማን ልክ አይሆንም? እኔን ግን ከበደኝ።

ከምሳ በኋላ ጎረቤቱ ተሰብስቦ የትግሉን ነገር ንገረን አለ። ይህን ለኔ ማለት ለውሻ ሥጋ ጠብቅልኝ ማለት ነው። ሦስት ታንክ በአንድ ጥይት አቆምኩ። የአራተኛው ሾፌር ወርዶ ይቅርታ ጠየቀኝ። አደይ አብረኸት እጄን ይዘው ይስቃሉ፤ ሲስቁ የጥርሳቸው ክፍተት ልክ እንደ እናቴ ነው። አንድ እውነተኛ ታጋይ፣ የጎረቤት ልጅ፣ ሳይስቅ ቆይቶ የትኛው ቦጦሎኒ ነበርክ አለኝ፤ የትኛው ሻለቃ ማለቱ ነው። ራሴን አመመኝ አልኩ። እውነትም አመመኝ።

በማግስቱ ዓርብ ጠዋት፣ አደይ አብረኸት ጸሎት ላይ ሳሉ፣ የቤቱ ልጅ ጽጌ ግቢ ውስጥ ልብስ ታጥብ ነበር። ወንድሟ ተኽለ በረሃ ሲወጣ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ቀና ሳትል ተናገረች።

«ተኽለ ይስቃል እንጂ አያስቅም ነበር» አለችኝ። «ማን ነህ?»

ነገርኳት። ወፍጮ ቤቱን፣ ናዝሬትን፣ የትናንቱን ጠዋት። በሕይወቴ አንድም ነገር ሳልጨምር ስናገር የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም። እሷም በተራዋ ለማንም ያልነገረችውን ነገረችኝ። ከአንድ ወር በፊት፣ ከተኽለ ጋር የነበረ ታጋይ ሥራ ቦታዋ መጥቶ፣ ተኽለ በወጣ በስድስተኛው ዓመት መሠዋቱን ነግሯት ሄዷል። ለእናቷ መናገር አልቻለችም። ጠዋት ጠዋት ፈንዲሻውን የምትቆላላቸው እሷ ነበረች።

በአንድ በኩል ልትተፋብኝ ትፈልግ ነበር፤ ያስታውቃል። በሌላ በኩል እናቷ ሌሊቱን ሳይቃዡ አድረዋል። እንግዲያው እስከ እሑድ ቆይ፣ ከዚያ የጦር ክፍሌ ጠራኝ ብለህ ሂድ አለችኝ። እሑድ ለምን አልኳት። አደይ ስእለት አለባቸው፤ ልጄ ሲመጣ እጁን ይዤ ማርያም ቤተ ክርስቲያን እገባለሁ ብለዋል፤ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ከደጀ ሰላሙ አላለፉም፤ ከውጭ ቆመው ነው የሚያስቀድሱት።

እሺ አልኩ። ፈሪ ሰው እሺ ማለት አይከብደውም።

ቅዳሜን አደይ አብረኸት ጎን ተቀምጬ ዋልኩ። በእጃቸው ያጎርሱኛል፤ የተኽለን ልጅነት መልሰው ለኔ ያወሩልኛል። እርግብ ያረባ ነበር። ሻሂ በጣም ካልቀዘቀዘ አይጠጣም። ሰው ሲሰደብ እሱ ነው የሚያለቅሰው። ትዝ ይልሃል ወይ ሲሉኝ፣ ትዝ ይለኛል እላለሁ። ወደይ ባሉኝ ቁጥር ደረቴ ይሞቃል፤ ወዲያው ያቃጥለኛል፤ የሚወደደው እኔ አይደለሁማ። የሞተ ሰው ቦታ ላይ ቁጭ ብዬ ጉርሻውን እውጣለሁ። ታምኑኝ እንደሆነ እንጃ፣ በሕይወቴ አይቼው የማላውቀው ተኽለ በዚያ ቀን ናፈቀኝ። በሩን ከፍቶ ቢገባና በጥፊ ቢመታኝ ብዬ ተመኘሁ።

እሑድ ጠዋት ጉም ነበር። አደይ አብረኸት ነጭ ለብሰው፣ ጧፋቸውን በወረቀት ጠቅልለው፣ እጄን ጭምቅ አድርገው ያዙ። ጽጌ ከኋላ ትከተላለች። በመንገዱ ሁሉ ቀልድ ፈለግኩ፤ ምንም አልነበረም። የማርያም ደጀ ሰላም ስንደርስ ጫማ የሚያወልቁ ሰዎች አጠገብ ቆምን። አደይ አንድ እግራቸውን ወደ ውስጥ አነሡ። የኔ እግር አልተነሣም።

«አደይ፣ እኔ ተኽለ አይደለሁም» አልኩ።

እጄን አልለቀቁም። ያልሰሙኝ መሰለኝ፤ ደገምኩት። የዓዲ ኣበይቶው ፍስሃየ መሆኔን፣ ታጋይም አለመሆኔን፣ ሰንደሉ እንኳ የሰው መሆኑን ነገርኳቸው። ያኔ እጄ ተለቀቀ። ደጃፉ ላይ ካለው ድንጋይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ፊታቸውን ወደ ጉሙ አዙረው፣

«ተኽለኸ?» አሉ። ተኽለስ?

ጽጌ ከኋላችን ማልቀስ ጀመረች። አደይ ለቅሶዋን አዳመጡ፤ ቃል ሳይጠይቁ ሁሉንም ከዚያ ሰሙ። አልጮኹም። ጧፉን ከወረቀቱ አውጥተው በጣታቸው ከላይ እስከ ታች ዳሰሱት፤ መልሰው ጠቀለሉት።

ጋቢውን አውልቄ፣ አጣጥፌ፣ ጉልበታቸው ላይ አደረግኩና መንገድ ጀመርኩ። አሥር እርምጃ ያህል ሄጄ ነበር። ይህን አልጨምርበትም፤ አሥር ነው።

«ወዲ መን ኢኻ?» ሲሉ ሰማሁ። የማን ልጅ ነህ?

ዞርኩ። የለተእግዚ ልጅ አልኩ። የት ናት አሉ። ሞታለች አልኩ። መምጣትህን አውቃለች አሉ። የለም፣ አላወቀችም አልኩ።

ውስጥ ቅዳሴው ገብቷል። ከዚያ ጋቢውን ወደኔ ዘረጉ።

«ልበስ። ብርድ ነው። እንግባ።»

«የተኽለ ነው፣ አደይ።»

«የማን እንደሆነ ለኔ ትነግረኛለህ? የፈተልኩት እኔ ነኝ።»

አልችልም አልኳቸው። መጀመሪያ አንድ ዓመት ላገልግልዎ፤ ቤትዎን ልቀባ፣ ውኃ ልቅዳ፣ ከዚያ የሚገባኝ ከሆነ ያልብሱኝ አልኩ። አላስጨረሱኝም።

«ተኽለ ምን ሠርቶ ነው ልጄ የሆነው?»

የተዘረጋውን ጋቢ በእጄ መለስኩት።

«ስእለቴ ልጄን ይዤ እገባለሁ ነበር» አሉ። «ባዶ እጄን አልገባም። አትከራከረኝ፣ እመነኝና ልበሰው።»

ለበስኩት። እጃቸውን ሰጡኝ። ከዓዲ ኣበይቶው ቤተ ክርስቲያን ደጅ የተመለሰው እግሬ በማርያም ደጅ ገባ። አደይ አብረኸት ጧፉን አብርተው፣ ከሥዕለ አድኅኖው ፊት ቆመው፣ በትግርኛ ለማርያም እንዲህ ሲሉ ሰማኋቸው፦ አንቺም ልጅሽን ሰጥተሻል፣ እኔም ሰጥቻለሁ፤ ይኸው እግዚአብሔር ያመጣልንን ተቀበዪ። ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሱት።

ወደ ቤት ስንመለስ ያ የእልልታ ቤት የሐዘን ቤት ሆነ። ሐሙስ ፈንዲሻ የበተኑ ሴቶች ጥቁር ለብሰው መጡ። ጉዳዩ ሲሰማ ሊያወጡኝ የተነሡ ነበሩ፤ አንዲቱ የሙት ሌባ አለችኝ፤ እውነቷን ነው። የቦጦሎኒውን ነገር የጠየቀኝ ታጋይ ግን በር ላይ ቆሞ አየኝና ገብቶ ተቀመጠ። አደይ አብረኸት ሁሉም እየሰማ፣ ልጄ ነው ይቀመጥ አሉ። ወንድም በሚቀመጥበት ቦታ ከጽጌ አጠገብ ተቀምጬ የተኽለን ሐዘን ተቀበልኩ። የገባው ሁሉ እጄን እየጨበጠ እግዚአብሔር ያጽናህ አለኝ። ወደ ናዝሬት አልተመለስኩም።

አንባቢዎቼ፣ እናንተም እንደኔ ክርስቶስ ስለ እኛ ሞተ የሚለውን ከልጅነታችሁ ጀምራችሁ ሰምታችሁታል። እኔ እንደ ሱቅ ታፔላ ነበር የማየው፤ በየቀኑ ከሥሩ አልፋለሁ፣ አላነበውም። መዳን ማለት ለኔ ወረፋ ነበር፤ ስግደት ላይ ስግደት፣ ጾም ላይ ጾም ደርድሬ አንድ ቀን ተራዬ ይደርሳል ብዬ፣ አይደርስም ብዬም ተስፋ ቆርጬ። በዚያ ደጃፍ ላይ ግን ገባኝ፤ አንድ ልጅ እኔ ከሸሸሁት ሞት ፊት ለፊት ቆሞ ሞቷል፤ ለእሱ የተሠራው ልብስ ለሸሸው ተዘርግቷል፤ የዘረጋችውም ልጇን ያጣችው ራሷ ናት። የተጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እመነኝና ልበሰው። ወንጌል ከዚህ የተለየ ነገር አይነግረንም። አብ የአንድያ ልጁን ልብስ ዘርግቶልን ቆሟል፤ እኛ ደግሞ መጀመሪያ ቤትህን ልቀባልህ እያልን እንከራከረዋለን።

ማመን ቀላል ነው እንዳትሉ። እኔን ከፈለጋችሁ ሺህ ስግደት እዘዙኝ፣ ሁለት ሺህ ብዬ እከራከራለሁ። በነጻ ውሰድ ስትሉኝ ነው የምሸሸው። ተሸፋፍኖ የሰውን ፍቅር መስረቅ ያን ያህል አልከበደኝም፤ ተገልጦ መወደድ ነው ያቃተኝ። ቤታቸውንም ኋላ ቀባሁላቸው፤ ሰማያዊ፣ እስከ ጸጸራት ሰፈር ድረስ የሚታይ ሰማያዊ። ውኃም ቀዳሁ። ልጅ ለመሆን አልነበረም፤ ልጅ ስለሆንኩ ነው። ልዩነቱን ጀርባዬ ያውቀዋል፤ ባልዲው አልከበደኝም።

ከአደይ አብረኸት ጋር ብዙ ዓመት ኖርኩ። ዛሬ የሉም። ናፍቆቴ እንኳ አልቀነሰም፤ ድሮ አንዲት እናት ነበር የምትናፍቀኝ፣ አሁን ሁለት ሆኑ፤ ተኽለም አለ። ወደ መጨረሻቸው አካባቢ አልጋቸው ጎን ተቀምጬ ላስቃቸው ስሞክር፣ እጃቸውን አንሥተው አፌ ላይ አደረጉና ዝም አሰኙኝ።

«እዚያ ስደርስ ተኽለን አየዋለሁ» አሉኝ። «ከዚያ በፊት ግን የዓዲ ኣበይቶዋን ለተእግዚን እፈልጋታለሁ። መጥቷል እላታለሁ።»

አምናቸዋለሁ።